ጅማን በእግርና በካሜራ፦ ሰፈር ለሚያስጎበኙ

ለፎቶ ብሎ ጅማ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ፎቶ ይዞ ይመለሳል፦ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ፊት ለፊት ተቁሞ የተነሳ። በፎቶው ቅሬታ የለኝም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙበት ግቢ ነው፤ የእንጨት በረንዳው ብቻውን ግማሽ ቀን ያስቆማል። ግን ከኮረብታው ሥር አንድ ሙሉ ከተማ ተዘርግቷል። ጊንጆ፣ ቦሳ፣ መንደራ ቆጪ፣ በቾ ቦሬ፣ መንቲና። እንግዳ እነዚህን የሚያያቸው ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ ያውም ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ነው።

መንቲና በኩል ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ እሁድ ሰርግ ካለ ሰርግ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ካሜራ ወይም ስልክ የያዙ ሰዎች ሰብስቤ ሰፈር ውስጥ አዞራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ለሥራ የመጡ አሉ፣ እዚሁ ተወልደው ከገበያና ከቢሮ መንገድ ሌላ ረግጠው የማያውቁ የጅማ ልጆችም አሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች ሲመጡብኝ ካርታ ዘርግተው «በየት በኩል ነው የምትሄጂው?» ይሉኛል። እኔ የምጠይቃቸው «የት የት ልትቀመጡ ነው?» ብዬ ነው። የፎቶ ጉዞ የሚሠምረው በመቆሚያዎቹ ነው። ሰው እየተራመደ የሚያነሳው ጀርባ ብቻ ነው፦ የሚሄድ ሰው ጀርባ፣ የአህያ ጀርባ፣ የተዘጋ በር። ፊት የሚገኘው ቁጭ ሲባል ነው።

መቆሚያ ማግኘት

መቆሚያ ስል የምትመጡበትን ቀን የሚያውቅ፣ እናንተ ኖራችሁም አልኖራችሁም ሥራውን የሚሠራ ሰው ያለበትን ቦታ ነው። ለእናንተ ብሎ የክት ልብሱን ከለበሰ ፎቶ ቤት ይምጣ፣ እዚያ ጥሩ መጋረጃ አለ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አራት መቆሚያ ይበቃል፤ አምስተኛው ሲጨመር ሁሉም ሩጫ ይሆናል። ጠቅላላ ርቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ባይበልጥ እመርጣለሁ። «ይህቺን ታክል?» የሚሉ አሉ። ጭቃው ውስጥ ሲገቡ ይገባቸዋል።

ሰፈሩን መጀመሪያ ያለ ካሜራ ሂዱበት። ካሜራ አንገታችሁ ላይ ካለ ሰው የሚያወራው ለካሜራው ነው። ዳቦ ግዙ፣ ጫማ አስጠርጉ፣ ቡና ጠጡ። ጫማ የሚጠርገው ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል፦ የትኛው ግቢ ውሻው እንደሚለቀቅ፣ የትኛው መንገድ ከዝናብ በኋላ እንደማያሳልፍ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ እንደሆነ። ጉዞው በሚውልበት ቀን መንገዱ ላይ የለቅሶ ድንኳን ካያችሁ መስመሩን ቀይሩ። ብቻችሁን ሆናችሁ ገብቶ እግዜር ያጥናችሁ ማለት ወግ ነው፤ ካሜራ የያዙ ስምንት ሰዎች አስከትሎ በድንኳን ደጅ ማለፍ ግን ነውር ነው።

ስምንት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ከስምንት በላይ የሆነ ቡድን ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገባ ሰልፍ ይመስላል፣ በየደጁ ያለው ሰውም «ምን መጣ?» ብሎ ይነሳል። ለቀበሌው አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም በኩልም የትብብር ደብዳቤ ካገኛችሁ ኮፒውን በቦርሳ ያዙ። ብዙ ቀን የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቅበት ቀን ግን ሁልጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ነው።

የእንጨት ሥራው ደጅ

ከመቆሚያዎቼ ሁሉ የማልተወው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ጅማ በእንጨት ሥራ ስሟ የወጣ ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ይወደዳል። ጠራቢው ግንዱን በመጥረቢያ ቅርጽ ያስይዛል፣ ከዚያ በመሮ ይገባበታል፣ የመቀመጫውን ጎድጓዳ እያዞረ እያዞረ ያወጣዋል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ያለቀውን በርጩማ፣ አጠገቡ ደግሞ ፈገግ ያለ ባለሙያ ነው። እኔ ተራውን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ እጅ ብቻ አንሱ። ቀጥሎ መሬቱን፦ ፍቅፋቂው፣ ሰጋቱራው፣ የተጣለው ግማሽ እግር። ፊት መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እስከዚያ ሰውየው ረስቷችኋል።

እንዲህ ያለ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ክፍት ነው፣ ብርሃን የሚገባው ከመንገድ በኩል ብቻ ነው። ደጁ ላይ ከቆማችሁ ብርሃኑን እናንተው ትጋርዳላችሁ፤ ፎቶውም ድፍን ይላል። ወደ ውስጥ ግቡና ግድግዳውን ተጠግታችሁ ከጎኑ ቁሙ። ያኔ ግማሽ ፊቱ ይበራል፣ ግማሹ ጥላ ይሆናል፣ ብናኙም ይታያል። ፍላሽ እዚህ ቤት ውስጥ ክልክል ነው፤ ብናኙን ነጭ ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ መሮ የያዘ ሰው ዓይን ላይም አይበራም።

ካሜራ ያለው ሰው መጥረቢያው ሲያርፍ የሚፈናጠረው ፍቅፋቂ አየር ላይ ቀጥ እንዲል ከፈለገ የሹተሩን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ያድርግ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለመጨመርም አይፍራ። እጁ ብቻ እንዲደበዝዝ ከፈለገ ደግሞ 1/30 ይሁን፣ ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ ትንፋሹን ይያዝ። ስልክ ያለው ሰው በተከታታይ የሚያነሳውን አማራጭ ይጠቀም፤ ከሃያው አንዱ ይሆናል። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ግቡ፣ ሌላው ውጭ ይጠብቅ። ከመጥረቢያው ሁለት ክንድ ራቁ። ሌንስ ላይ ብናኝ ካረፈ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ ይጭረዋል። እፍ በሉት፣ ወይ ብሩሽ ያዙ።

«አሁን ያሉትን ድጋሚ ያድርጉልን» አይባልም። መሮ መልሶ መላልሶ የሚመታ ነገር ነው፤ ብትጠብቁ ራሱ ይመጣል። እኔ ሁልጊዜ የምሄድባቸው ሃጂ ገና ከደጅ ስታይ «ዛሬ ደግሞ ስንት አመጣሽ?» ይሉኛል። «ሰባት ነን ሃጂ፣ እናስቸግርዎት ይሆን?» እላለሁ። «እንጨቱን ካላስቸገራችሁት ግቡ» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ። አንድ ነገር አደራ፦ በርጩማ መግዛት የፈለገ ተሳታፊ ካለ ዋጋ የሚጠይቀው ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ነው። ግማሽ ሰዓት ሰው ሲያነሱ ቆይቶ ከዚያ በዋጋ መከራከር ያሳፍራል።

ቡና፣ በየግቢው

የቡና ለቀማው ወቅት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በነዚያ ወራት የምትመሩ ከሆነ አንዱ መቆሚያ ቡና የሚሰጣበት ግቢ ይሁን። የጅማ ቡና አብዛኛው ሳይፈለፈል ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ቀዩ እሸት ቀስ በቀስ ጠቁሮ ጀንፈል እስኪሆን በየቀኑ ይገላበጣል። ለፎቶ ጥሩው ቀን አዲሱና የከረመው ጎን ለጎን የተሰጡበት ቀን ነው፦ አንዱ ደማቅ ቀይ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ከላይ ቁልቁል ብታነሱት ምንጣፍ ይሆናል። ተንበርክካችሁ ቡናው በተሰጣበት አልጋ ጠርዝ ልክ ዝቅ በሉ፤ የምታገላብጠዋ ሴት እጅ ከፊት፣ እርሷ ከኋላ ትሁን።

ለሌላው ወቅት የቡና ማፍላቱ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ምንም እንኳ ሁሉም ያነሳው ቢሆን። ጭሱን አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው ከብርሃኑ ጋር በአንድ ወገን ቆሞ ስለሚያነሳ ነው። በሩ ወይም መስኮቱ ከጭሱ ጀርባ እንዲሆን ዙሩ፤ የእጣኑ ጭስ ያን ጊዜ ይነጣል። ከጀርባ ያለው ብርሃን ፊትን ያጠቁራልና ስልኩ ላይ የሴትየዋን ፊት ንኩት፣ መስኮቱ ነጭ ቢሆን ግድ የለም። ሴት መሆኔ እዚህ ይጠቅመኛል። ጓዳ ድረስ እገባለሁ፣ ወንዶቹ ተሳታፊዎች በረንዳ ላይ ይቀራሉ፣ ቡናው ሲቀዳ ይጠራሉ። ወንድ አስጎብኚ ከሆናችሁ ከእናንተ ጋር የምትሠራ ሴት ፈልጉ፤ ያለዚያ የቤቱ ግማሽ ይቀርባችኋል።

ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ

ሂርማታ ከተማው ሳይኖር ጀምሮ የነበረ ገበያ ነው፤ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት፣ ዝናው ሩቅ የደረሰ የሐሙስ ገበያ። አሁንም ሐሙስ የሞቀ ቀኑ ነው። ቡድን ይዛችሁ መሃሉ አትግቡ። ጠርዙ ላይ፣ ኮረሪማና ማር የሚሸጡት ዘንድ፣ ሸክላ የተደረደረበት ጋ አንድ ቦታ ያዙና ሰው ወደ እናንተ ይምጣ። ሁለት ሁለት ሆነው ለሃያ ደቂቃ ተበትነው እዚያው ይመለሱ። ሸክም የተሸከመን ሰው ማስቆም የለም። የሚያነሳ ሰው የሆነ ነገር ገዝቶ ያንሳ፤ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ ማንንም አያደኸይም።

ጣልያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ነበርና መሃል ከተማው ላይ የዚያን ዘመን ግንብ አሁንም ይታያል፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስምም ዛሬ ድረስ አለ። የግንቡን ፊት ብቻ ካነሳችሁ የትም ያለ ግንብ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገበትን ፈልጉ፦ ቅስቱ ሥር የተተከለው የልብስ ስፌት መኪና፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስ፣ ቀለሙ በየዘመኑ የተደራረበው በር። ባንክ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካምፕ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ከፎቶው ጀርባ በኩል ቢሆን እንኳ አይካተት። ድሮን ያለ ፈቃድ ጭራሽ አይታሰብ።

ዝናቡና ሰማዩ

ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፣ ይህን ከመጀመሪያው ለተሳታፊ ንገሩ። ጉዞዬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይጀምርና 3 ሰዓት ላይ ያበቃል። እዚህ ፀሐይ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎ ወደ ላይ ትሄዳለች፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ማንጸባረቅ ሲጀምር ወደ ጥላ ወይም ወደ ቤት ውስጥ መቆሚያ ግቡ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አልይዝም።

ደመና ግን ጠላት አይደለም። ፎቶ ቤት ውስጥ በጨርቅና በመብራት የምንደክምበትን ለስላሳ ብርሃን የክረምት ሰማይ በነጻ ይሰጣል። ችግሩ ሰማዩ ራሱ ነጭ መሆኑ ነው። ሰማዩን ከፍሬሙ አውጡት፤ ጀርባው ጭቃ ግድግዳ፣ እንሰት፣ የአቮካዶ ዛፍ ይሁን። ማውጣት ካልተቻለ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብሩህነት) አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ካሜራ ነጭ ሰማይ ሲያይ ይደነግጥና የሰውን ፊት ያጠቁራል። የኛ ፊት ደግሞ ያለ በቂ ብርሃን ሲነሳ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበጀው ደጃፍ ነው፦ ሰውየው ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ይመልከት። በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ስልክ ይሠራል።

ለካሜራ የዳቦ ፌስታልና ላስቲክ፣ ለእግር ቦቲ። ሌንስ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ረጅሙን ሌንስ ቤት እንዲተዉ እለምናለሁ፤ ከመንገድ ማዶ ተደብቆ ሰው የሚለቅም ሌንስ እንደ ሌባ ዓይን ነው፣ ሰፈሩም ያንን ያውቃል።

ማስፈቀድ

ሰላምታ ይቅደም። ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንደምን አደሩ)፣ ቀጥሎ «ሱራ ካሱ ነን ደንደኣ?» (ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?)፣ ሲያበቃ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ)። አማርኛ ጅማ ከተማ ውስጥ ያግባባል፤ ግን እናት ቡና እያገላበጠች በኦሮምኛ ሰላም ያላት እንግዳ ላይ ያላት ፊት ሌላ ነው፣ ፎቶውም ላይ ይወጣል። ዕድሜያቸው የገፋውን በአንቱታ። አይሆንም ከተባለ ምክንያት አይጠየቅም። ፊታቸው እንዲነሳ የማይፈልጉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ «እጅዎን ብቻስ?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፣ ሁለት ጊዜ ግን ጭቅጭቅ ነው።

ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መስጊድ አካባቢ በካሜራ አይዞርም። በረመዳን ቀን የጉዞውን ቡና አውጡት፤ ጿሚ ፊት ተቀምጦ መጠጣት አይሆንም። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቆሙ ምእመናንን ከሩቅ ማንሳትም ያው ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን፣ ወዳጅ ቢሆኑም፣ አታንሱ። ፎቶው የት እንደሚዞር አታውቁም፣ ከመካከላቸው አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ።

ሕፃናት ይከተላሉ፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። «አንሺኝ! አንሺኝ!» እያሉ እስከ መጨረሻው ይመጣሉ። የምታደርጉት ይህን ነው፦ ገና ሰፈሩ ሲገባ ሁሉንም በአንድ ላይ አቁሙ፣ አንድ ጊዜ አንሱ፣ ሁሉም ስክሪኑን ይይ። ከዚያ ትልቁን ልጅ የመንገድ መሪ አድርጉት፤ ሌሎቹን የሚያረጋጋው እርሱ ነው። ከረሜላና ሳንቲም አትስጡ፣ ተሳታፊም እንዳይሰጥ አስቀድሞ ይነገረው። የአንድን ልጅ ፊት ለብቻው ለማንሳት ከሆነ እናቱ ወይም አባቱ ደጅ ላይ ይኑሩ።

ገንዘቡና ፎቶው

ከተሳታፊው ከምቀበለው ሩቡ ለመቆሚያዎቹ ነው፣ በእኩል ይካፈላል፣ ሰው ሁሉ ከመሄዱ በፊት በእጃቸው ይደርሳል። ተሳታፊ በግሉ ብር ማውጣት ከጀመረ በሚቀጥለው ወር መቆሚያ አይኖራችሁም፤ ጠያቂና ሰጪ ይሆናል። ቡናው፣ ዳቦው፣ የባጃጁ መመለሻ ከክፍያው ውስጥ ይግባ።

ጉዞው ሲያበቃ ሁሉም ቁጭ ብሎ ከየመቆሚያው አንድ አንድ ፎቶ ይምረጥ። በስልክ እልካለሁ የሚባለው ነገር አይደርስም፤ አይታችሁታል። የተመረጡትን በ10 በ15 መጠን አሳትሜ ራሴ አደርሳለሁ። ስታሳትሙ የሰዎቹን ፊት ትንሽ አብሩት፣ ወረቀት ከስክሪን ይጨልማል። ፎቶውን ፊት ለፊት ስጡ፤ በጎረቤት መላክ ጠብ ያመጣል፣ የማን አማረ የማን አላማረ ይጀመራል። ማኅበራዊ ገጽ ላይ የሚለጠፈውን ደግሞ ያን ቀን ጠይቁ፣ ያስፈቀዳችሁት ለማንሳት ነበር፣ ለመለጠፍ አልነበረም።

አንድ ሰፈር በወር ከአንዴ በላይ አትመለሱበት። ቢያንስ ሦስት ሰፈር አዘጋጁና አፈራርቁ የምለው ለዚህ ነው፦ አንዱ ኮረብታ ያለበት፣ አንዱ አዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ አንዱ ገበያ ያለበት። ክረምቱ ሲበረታ የወንዙን ዳር ዝለሉና የእንጨት ሥራ ቤቱና የቡናው ጓዳ ያሉበትን መስመር ያዙ።